እምዬ፣ እኔና ባለ ሁለት ዓምዱ ደብተር

እምዬ ውሃ የቀዳችልን ቀን ነው ነገሩ የገባኝ።

ከሰሉ ተያይዟል። ስኒዎቹ ረከቦቱ ላይ ተደርድረዋል። ቄጠማው ሳይቀር ተጎዝጉዟል። ጀበናውን ከፍ አድርጋ ስትቀዳ ግን ስኒው ውስጥ የወረደው ኩልል ያለ የፈላ ውሃ ነው። ቡናው ተወቅጦ ሙቀጫው ውስጥ ቁጭ ብሏል። ስኒውን አየት አደረገችና «ዛሬስ ቡናው ፈዘዘብኝ» አለች። እናቴ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። ሕክምና ትምህርት ቤት ሲ-ዋን፣ ማለትም የክሊኒክ ልምምዱ የመጀመሪያ ዓመት፣ ገብቼ ዋርድ (የሕሙማን ክፍል) መዋል ከጀመርኩ ገና ሁለተኛው ወር ነበር። በዚያ ሰሞን ደግሞ ነጭ ጋዋን የለበሰ ተማሪ የሚያየው ሰው ሁሉ ታማሚ ይመስለዋል።

እምዬ አያቴ ናት። ያሳደገችኝ እሷ ናት። ዕድሜዋን በትክክል የሚያውቅ የለም። «ጣሊያን ሲወጣ ጡት ጥዬ ነበር» ትላለች፤ እኛ ከዚያ ተነስተን ሰማንያ ስድስት ምናምን እንላለን። ለብዙ ዓመት ጉሊት ሽንኩርትና ቲማቲም ሸጣለች። ስኳር አለባት።

ሰፈር ውስጥ ወሬው በአንድ ቃል አለቀ፦ ጃጅታለች። ቃሉ አይከፋኝም፣ አማርኛ ነው። የሚከፋኝ ቃሉ ከተባለ በኋላ ሁሉም ሰው አርፎ መቀመጡ ነው። የመርሳት በሽታ፣ ሐኪሞች ዲሜንሺያ የሚሉት፣ የእርጅና ሌላ ስሙ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ላይ 57 ሚሊዮን ሰው ዲሜንሺያ እንደነበረበት ይገምታል። ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት እንደኛ ዝቅተኛ ወይም መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው ያሉት። ዋናው መንስኤ አልዛይመር ነው፣ ከ60 እስከ 70 በመቶውን ይይዛል። የሚረሳ አረጋዊ ሁሉ ግን አልዛይመር ይዞታል ማለት አይደለም። የቫይታሚን ቢ-12 እጥረት፣ የታይሮይድ ሆርሞን ማነስ፣ ድብርት፣ ወድቀው ከተመቱ በኋላ ቀስ እያለ ራስ ቅል ውስጥ የሚጠራቀም ደም፣ የሚወሰድ መድኃኒት፣ እነዚህ ሁሉ ሰውን ጃጀ ያስብላሉ። ሊታከሙም ይችላሉ። ስለዚህ «እርጅና ነው» ከማለት በፊት ቢያንስ አንዴ ማስመርመር ነው።

እኔ ግን ወደዚያ ከመሄዴ በፊት አንድ ሞኝ ነገር አደረግኩ። ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር ገዛሁና የእምዬን ስህተት መልቀም ጀመርኩ። ማክሰኞ፦ በአጎቴ ስም ጠራችኝ። ረቡዕ፦ ምሳ በልታ «ምሳ አልበላሁም» አለች። ሐሙስ፦ መቋሚያዋን አልጋ ሥር ከትታ አጣችው። በሦስት ሳምንት 41 ስህተት ለቀምኩ። በጣም ሳይንሳዊ የሆንኩ መሰለኝ። ቁጥሩን ቀለም ባለው እስክሪብቶ አስምሬ ዋርድ ላይ ለነበረችው ሬዚደንት፣ ስፔሻሊስት ለመሆን ለምትማረው ሐኪም፣ አሳየኋት።

ገለጥ ገለጥ አደረገችውና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ፦ «አንተስ በሦስት ሳምንት ስንት ረሳህ?»

መልስ አልነበረኝም። ባዮስታቲስቲክስን፣ የሕክምና ስታቲስቲክስን፣ በጥሩ ውጤት ነው ያለፍኩት። ማነጻጸሪያ ቡድን ምን እንደሆነ ፈተና ላይ ጽፌያለሁ። እቤቴ ሲመጣ ግን ስህተት ፍለጋ ወጣሁ፣ ስህተት አገኘሁ። ስህተት ፍለጋ የወጣ ሰው ባዶ እጁን አይመለስም። በትክክል ያደረገችውን አንድም ነገር አልመዘገብኩም ነበር።

በማግስቱ ገጹን በመስመር ለሁለት ከፈልኩት። በግራ «እምዬ»፣ በቀኝ «እኔ»። ደንቡ አንድ ነው፤ ማንም የረሳው ነገር ይጻፋል።

የመጀመሪያው ሳምንት ውጤት፦ እሷ 13፣ እኔ 9። ታክሲ ከፍዬ መልስ ሳልቀበል ወርጃለሁ። ራውንድ ላይ የታካሚዬን የደም ግፊት ረስቼ ወለሉን አይቻለሁ። እናቴ ሳሙና ግዛ ብላኝ ዳቦ ይዤ ገብቻለሁ። ቁጥሩ እንደጠበቅኩት አልተራራቀም። ልዩነቱ የገባኝ ዓይነቱን ሳይ ነው። እኔ ሲያስታውሱኝ «ውይ!» እላለሁ። ሳሙናው ትዝ ይለኛል፣ ጭንቅላቴ ውስጥ የሆነ ቦታ ነበር። እምዬ ስናስታውሳት «ውይ» የለም። «መቼ ነገራችሁኝ?» ነው የምትለው። ነገሩ መጀመሪያውኑ አልተቀመጠም። ፍንጭ ሲሰጠው የሚያስታውስ ሰውና ፍንጩ ምንም የማይነግረው ሰው አንድ አይደሉም፤ ሐኪሞችም ይህን ልዩነት ይፈልጉታል። ቤታችሁ ያለ ሰው ካሳሰባችሁ ስንቴ ረሳ ብላችሁ ብቻ አትቁጠሩ። «ውይ» ይላል ወይ? እሱንም ጻፉ።

ከዚያ የማስታወስና የማሰብ ፈተና ወረቀት ይዤ መጣሁ። በዓለም ላይ በብዛት የሚሠራበት እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው ባለ 30 ነጥብ መጠይቅ ነው። ዓመቱን፣ ወሩን፣ ቀኑን ይጠይቃል። ከመቶ ሰባት ሰባት እያደረጉ መቀነስ አለ። ዓረፍተ ነገር ጻፍ የሚልም አለ። እምዬ ትምህርት ቤት ደጅ አልረገጠችም።

«ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?»

«እኔ እንጃ ልጄ።»

ዜሮ ጻፍኩ። ትንሽ ቆይታ «ለሚካኤል ጧፍ ሳትገዛልኝ መሸ እኮ» አለች። ሚካኤል 12 ነው። ቀኑም 12 ነበር። ቀኑን አሳምራ ታውቃለች፣ እኔ ነኝ መጠየቅ ያላወቅኩት። «ዛሬ ስንት ነው» ሳይሆን «ዛሬ ማን ነው» ማለት ነበረብኝ።

ቅነሳው ላይም እንደዚሁ። «ከመቶ ላይ ሰባት ቀንሺ» ስላት ዝም ብላ አየችኝ። «እሺ፣ መቶ ብር ሰጥቼሽ የሰባት ብር ሽንኩርት ብገዛ መልሴ ስንት ነው?»

«ዘጠና ሦስት። የሰባት ብር ሽንኩርት ግን የት አግኝተህ ነው?»

ለዚህ ነጥብ የሚሰጥ ቦታ ወረቀቱ ላይ የለም። ችግሩን ያወቁት ቀድመውን ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው ሞካ የተባለው መጠይቅ 12 ዓመትና ከዚያ በታች ለተማረ ሰው አንድ ነጥብ ይጨምራል። ሲድኒ ውስጥ የተሠራው ሩዳስ ደግሞ የተለያየ ቋንቋና ባህል ላላቸው ሰዎች ታስቦ የወጣ ነው፤ እንድታስታውስ የሚሰጥህ የገበያ ዝርዝር ነው፦ ሻይ፣ የምግብ ዘይት፣ እንቁላል፣ ሳሙና። ለጉሊት ነጋዴ ይህ ይሻላል። ያም ሆኖ በሁለተኛው ቀን እምዬ «አትፈትነኝ» አለችኝ። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። ወድቃ እንዳትታይ የፈራች ተማሪ መሰለች። ወረቀቱን አጣጠፍኩት፤ እቤት ሁለተኛ አላወጣሁትም። ይህ የሐኪም ሥራ ነው፣ በሐኪም ቤት የሚሠራ። የልጅ ልጅ ፈታኝ ሲሆን ደስ አይልም።

ታዲያ በምን ልለካ? በቡናው።

ቡና ማፍላትን ስምንት ቦታ ከፈልኩት። ከሰል ማያያዝ፣ ቡና ማጠብ፣ መቁላት፣ መውቀጥ፣ ጀበና መጣድ፣ ቡናውን መጨመር፣ ማስከን፣ መቅዳት። ቁጥሬ አንድ ነው፦ ከስምንቱ በስንቱ ላይ ማስታወስ ነበረብን? ሁልጊዜ 10 ሰዓት ላይ፣ በየቀኑ። ሰዓቱ አንድ መሆኑ ዋና ነገር ነው፤ ብዙ የመርሳት ሕመምተኞች ጀንበር ስታዘቀዝቅ ይረበሻሉ። የአንዱን ቀን ጠዋት ከሌላው ቀን ማታ ጋር ካነጻጸርክ የምትለካው ሰዓቱን ነው እንጂ ሰውየውን አይደለም። እኔ ዋርድ ስውል እናቴ ትመዘግባለች። መጀመሪያ አልተስማማንም ነበር። እሷ «እማ፣ ቡናው!» ማለትን እንደ ማስታወስ አትቆጥረውም። አንድ ሳምንት አብረን ተቀምጠን ከቆጠርን በኋላ ነው ቁጥራችን የገጠመው።

የመጀመሪያው ወር ላይ ቁጥሩ አንድና ሁለት ነበር። አንዳንድ ቀን ዜሮ፣ አንድ ቀን አራት። አራቱ ቀን ቤቱ ሁሉ ደነገጠ፣ አክስቴ ከሜሪላንድ ደወለች። በማግስቱ አንድ ሆነ። የአንድ ቀን ቁጥር ማለት ይሄ ነው፤ እንቅልፍ ስታጣም፣ ሆዷን ሲነፋትም፣ እንግዳ ሲበዛባትም ይወጣል። እኔ ከዚያ ወዲህ የሳምንቱን እንጂ የቀኑን ለማንም አልናገርም።

ሁለተኛው ወር ላይ ግን ሳምንቱ ራሱ ተለወጠ። አራት፣ አምስት፣ ስድስት። ሌሊት ተነስታ በር ትከፍታለች። ሁሉም ሰው «በቃ ተባብሶባታል» አለ። ደብተሩን ወደ ኋላ ስገልጥ ቁጥሩ የወጣበት ሳምንት አናት ላይ በእናቴ ጽሕፈት «የእግር መድኃኒት ጀመረች» ይላል። አሚትሪፕቲሊን ነው። ስኳር ነርቭ ሲጎዳ ለሚመጣው የእግር ማቃጠል ይሰጣል፣ ለብዙ ሰው ይረዳል። ግን አሴቲልኮሊን የሚባለውን የአንጎል መልእክተኛ ይገታል። አልዛይመር ላይ የሚያንሰው ደግሞ እሱው ነው፤ ዶኔፔዚልን የመሳሰሉት የአልዛይመር መድኃኒቶች የሚሠሩት እሱን ከፍ ለማድረግ ነው። በአረጋውያን ላይ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ያለ ማዘዣ የሚሸጡ አንዳንድ የጉንፋንና የአለርጂ ክኒኖችም ከዚሁ ዘር ናቸው።

ደብተሩን ይዘን ሐኪሟ ዘንድ ሄድን። «ተባብሶባታል» ብንል ኖሮ የምንሰማው «ዕድሜ ነው» ይሆን ነበር ብዬ አስባለሁ። እሳቸው ግን ገጾቹን አዩና መድኃኒቱን ቀስ በቀስ ቀንሰው አቋረጡት፣ የደም ምርመራም አዘዙ። ራሳችን አላቋረጥነውም፤ ይሄን አስምሬ ነው የምጽፈው። በአምስተኛው ሳምንት ቁጥሩ ሁለትና ሦስት ላይ መጣ። ወደ አንድ አልተመለሰም። እምዬ ዲሜንሺያ አለባት፣ መድኃኒቱ ብቻ አልነበረም።

እዚህ ጋ ጉራ ልነዛ ይገባኝ ነበር። ግን ስታቲስቲክስ የተማረ ሰው ደስታው ሙሉ አይሆንም። እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ፍራንሲስ ጋልተን እ.ኤ.አ. በ1886 የወላጆችንና የልጆችን ቁመት ሲያነጻጽር ያየው ነገር አለ፦ የረጃጅሞች ልጆች ረጃጅም ናቸው፣ ግን የወላጆቻቸውን ያህል አይደሉም። ከመጠን የወጣ ነገር ቀጥሎ ሲለካ ወደ መሐል ይሳባል። እኛ ወደ ሐኪም የሄድነው በከፋው ሳምንት ነው። ሁሉም ሰው የሚሄደው በከፋው ሳምንት ነው። ከዚያ በኋላ ጸበል ቢጠጣም፣ ማር ቢልስም፣ መድኃኒት ቢቀይርም ብዙ ጊዜ ትንሽ ሻል ይለዋል። ስለዚህ መድኃኒቱ ነበር ብዬ እምላለሁ? አልምልም። ቁጥሩ ለአራት ሳምንት ሙሉ ከፍ ብሎ መቆየቱ፣ የጀመረውም ከክኒኑ ጋር መሆኑ፣ የወረደውም ክኒኑ ሲወርድ መሆኑ አሳምኖኛል። አሳመነኝ ማለትና ተረጋገጠ ማለት ግን ሁለት ነገር ነው።

አክስቴ በዚህ መሐል ቴሌግራም ላይ ዜና ላከች። «አልዛይመርን በ27 በመቶ የሚያዘገይ መድኃኒት ተገኘ። ገንዘቡን እኛ እናዋጣለን።» መድኃኒቱ ሌካኔማብ ነው፤ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2023 ፈቅዳዋለች። ጥናቱን አውጥቼ አነበብኩት። 1,795 ሰዎች፣ 18 ወር። የተለኩት ከ0 እስከ 18 በሚሄድ መለኪያ ነው፣ ቁጥሩ ሲጨምር በሽታው ጨመረ ማለት ነው። ማስመሰያ (መድኃኒት የሌለበት) የተሰጣቸው በ1.66 ባሱ፣ መድኃኒቱን የወሰዱት በ1.21 ባሱ። ልዩነቱ 0.45 ነው። 0.45ን ለ1.66 ስታካፍለው 27 በመቶ ይወጣል። ሁለቱም ቁጥሮች እውነት ናቸው። ግን «27 በመቶ» ሲባል አክስቴ የሰማችው «ሩቡ ይድናል» ነው። የዳነ የለም። ሁለቱም ቡድን ወርዷል፣ አንዱ በትንሹ ቀስ ብሎ። ከወሰዱት 12.6 በመቶው ላይ ስካን ሲነሱ የአንጎል እብጠት ታይቷል፤ ማስመሰያ በወሰዱት ላይ 1.7 በመቶ ነበር። በጥናቱ በየሁለት ሳምንቱ በደም ሥር ይሰጥ ነበር፤ በተደጋጋሚ ኤምአርአይ (የአንጎል ምስል) የሚፈልግ ነው፣ ለጀማሪ ደረጃ ብቻ የተፈቀደ። አሜሪካ ሲገባ ዋጋው በዓመት 26,500 ዶላር ተብሎ ነበር። ይህን በድምፅ መልእክት ቀስ ብዬ አስረዳኋት። ትንሽ ዝም አለችና «ታዲያ ምን ልላክ?» አለች። ጥሩ ጫማ አልኳት፣ የማያንሸራትት። ላከች።

ሌላም የምትጠቀስ ቁጥር አለች፣ 45 በመቶ። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2024 14 ምክንያቶች ዘርዝሮ፣ እነሱ ቢወገዱ 45 በመቶ የሚሆነውን ዲሜንሺያ መከላከል ወይም ማዘግየት ይቻል ይሆናል ብሏል። የደም ግፊት፣ ስኳር፣ ማጨስ፣ የመስማትና የማየት ችግር፣ ብቸኝነት፣ ትምህርት አለማግኘት አሉበት። ይህ የሕዝብ ቁጥር ነው። «እምዬን ስኳሯን ብንቆጣጠርላት ኖሮ» እያላችሁ ራሳችሁን እንድትገርፉበት አይደለም። እናቴ ስትገርፍበት ስለሰነበተች ነው የምጽፈው።

አሁን ስለ ራሴ። ደብተሩ ውስጥ የኔ ዓምድ ሲረዝም ፍርሃት ገባኝ። በሃያ ሦስት ዓመቴ! ስልኬ ላይ የማስታወስ ፈተና ጫንኩ፣ በየማታው ራሴን እለካለሁ። በአንድ ወር ውጤቴ ከፍ አለ። ጎበዝ ሆኜ አይደለም፣ ጨዋታውን ለምጄው ነው። መለማመድ ራሱ ነጥብ ይጨምራል። ከአዳር ተረኝነት በኋላ ደግሞ ዘጭ ይላል። አንድ ሌላ መጠይቅ «ሥጋት አለብህ» ብሎኝ ሌሊቱን አልተኛሁም። ጠዋት ወረቀት አወጣሁ። ለምሳሌ አንድ ምርመራ በሽታው ካለባቸው ሰዎች 90 በመቶውን ያገኛል፣ ከሌለባቸውም 90 በመቶውን በትክክል ነፃ ያወጣል እንበል። 1,000 አረጋውያን ውስጥ 50ዎቹ ቢኖርባቸው 45ቱን ይይዛል። ከቀሩት 950 ጤነኞች ግን 95ቱን በስህተት ይይዛል። «አለብህ» የተባሉት 140 ናቸው፣ እውነቱ ግን 45ቱ ላይ ብቻ። ከሦስት ሰው ሁለቱ በከንቱ ደንግጧል። በሃያ ሦስት ዓመት ዕድሜማ በሽታው እጅግ ብርቅ ስለሆነ ሁሉም ማለት ይቻላል በከንቱ ነው የሚደነግጠው።

ራስን በመለካት የታወቀ ሴዝ ሮበርትስ የሚባል የሥነ ልቦና ፕሮፌሰር ነበር፣ የካሊፎርኒያ ሰው። በየቀኑ ቀላል ሒሳብ እየሠራ ፍጥነቱን ይመዘግባል። ቅቤ በብዛት መብላት ስጀምር ፈጠንኩ ብሎ ነበር። እምዬ ይህን ስነግራት «ቅቤማ አናት ላይ ነው» አለች። ሰውየው እ.ኤ.አ. በ2014 በ60 ዓመቱ አረፈ። «ቅቤው ገደለው» ለማለት የሚቸኩል አይጠፋም። ግን የአንድ ሰው ፍጥነት ቅቤን ካላስመሰገነ፣ የአንድ ሰው ሞትም ቅቤን አያስከስስም።

«በዘር ነው ወይ?» ብላችሁ የምትጨነቁ ካላችሁ፣ እኔን ያረጋጋኝ ከናይጄሪያ የመጣ ጥናት ነው። ኢባዳን ያሉ ዮሩባ አረጋውያንና አሜሪካ ውስጥ ኢንዲያናፖሊስ ያሉ አፍሪካ አሜሪካውያን በአንድ ዓይነት መንገድ ለዓመታት ተጠኑ። እ.ኤ.አ. በ2001 በወጣው ውጤት በየዓመቱ አዲስ አልዛይመር የሚይዛቸው ኢንዲያናፖሊስ 2.52 በመቶ፣ ኢባዳን 1.15 በመቶ ነበሩ። የዘር ሐረጉ ይቀራረባል፣ ኑሮው ግን ለየቅል ነው። ደም ብቻውን አይወስንም ማለት ነው።

የስልኩን ፈተና አጠፋሁት። የቀኝ ዓምዱን ግን አልተውኩትም፣ ለማነጻጸሪያ።

መመዝገብ ለምትፈልጉ ከኔ ስህተት የተረፈውን ልንገራችሁ። ከቤቱ ሥራ አንድ ነገር ምረጡ፣ ሰውየው በዕድሜው ሙሉ የሠራውን። አዲስ መድኃኒት፣ ትኩሳት፣ መውደቅ፣ እንቅልፍ ያጡበት ሌሊት በቀኑ አናት ላይ ይጻፍ። «ተባባሰ» አትበሉ፣ ያለውን ቃል በቃል ጻፉ። በሰዓታት ወይም በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ድንገት የተቀየረ ሰው ካለ ደግሞ ደብተሩን ጣሉትና ሰውየውን ሐኪም ቤት ውሰዱት፤ ብዙ ጊዜ የሽንት ወይም የሳንባ ኢንፌክሽን ነው፣ ቀጠሮ የሚጠበቅለት ነገር አይደለም።

ባለፈው እሁድ ቡናውን እኔ አፈላሁ። እምዬ ከፍራሿ ላይ ሆና ደብተሩን አየችው።

«ምንድን ነው ሁልጊዜ የምትጽፈው?»

«የረሳነውን ነው፣ እምዬ። ያንቺንም የኔንም።»

አቦሉን ቀመሰች። ስኒውን መለሰችልኝ።

«ጨው ረስተሃል። ጻፈው።»

እውነቷን ነው። በቀኝ ዓምድ ጻፍኩት።